ዓለምን በብስክሌት ለመዞር፦ ከፍጥነትሽ በፊት ጣቶችሽና ጉልበትሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ውድድር ግን ገብቼ አላውቅም። ከ16 ወር በኋላ ዓለምን በብስክሌት የመዞር የሴቶችን ሪከርድ ለመስበር ልነሳ ነው፤ ብቻዬን፣ ያለ አጃቢ መኪና። አሁን በሳምንት 10 ሰዓት ያህል እነዳለሁ። በአንድ ቀን የነዳሁት ረጅሙ ርቀት 240 ኪሎ ሜትር ሲሆን አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። ሁሉም ሰው ፍጥነትሽን ጨምሪ ይለኛል። ከ150 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ በማግስቱ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ስልጠናዬን እንዴት ላስተካክል?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ረጅም ርቀት የሚነዱ ብስክሌተኞችን ማከምና ብስክሌታቸውን ከሰውነታቸው ጋር ማስማማት ነው። ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ፍጥነትሽ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ላይ «ደግሞ» ብለሽ ያስከተልሻቸው ጣቶችሽና ጉልበትሽ ላይ ነው። እነሱ እስኪስተካከሉ ድረስ በሳምንታዊ ርቀትሽ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳትጨምሪ እለምንሻለሁ። ምክንያቱን ከሂሳቡ ልጀምርልሽ።

የዓለም ሪከርዶችን የሚመዘግበው የጊነስ ድርጅት ደንብ ቢያንስ 18,000 ማይል፣ ማለትም 28,970 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት እንዲሸፈን ይጠይቃል። አውሮፕላኑና መርከቡ ተደምረው ጉዞው በጠቅላላ ከምድር ወገብ ዙሪያ፣ ከ40,075 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም። አቅጣጫው አንድ ነው፤ መነሻና መድረሻው አንድ ቦታ ነው፤ በሉል ላይ ፊት ለፊት በተቃራኒ የሚገኙ ሁለት ነጥቦችን መንካት ግዴታ ነው። ብዙዎቹ ስፔንንና የኒውዚላንድን ሰሜናዊ ደሴት የሚመርጡት ለዚህ ነው። ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ አለመቆሙ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ስትተኚም ይቆጥራል።

የሴቶቹን ሪከርድ ይዛ የነበረችው ጄኒ ግሬሃም እ.ኤ.አ. በ2018 ከበርሊን ተነስታ በ124 ቀን ከ10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ዞረች፤ ያለ ምንም አጃቢ። ያንን ያሻሻለችው ላኤል ዊልኮክስ በ2024 ከቺካጎ ተነስታ ቺካጎ ስትመለስ 108 ቀን ከ12 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ፈጅቶባታል። ከመነሳትሽ በፊት የተሻለ ሰዓት ተመዝግቦ እንደሆነ ከጊነስ አረጋግጪ፤ ለአሁኑ ስሌታችን ግን የዊልኮክስን እንያዝ። ግብሽን 108 ቀን አድርጊና ለበረራ፣ ለብስክሌት ማሸግና ለጉምሩክ አምስት ቀን ቀንሺ። 103 የመንጃ ቀን ይቀርሻል። 29,000 ኪሎ ሜትሩን ስታካፍዪው በቀን 282 ኪሎ ሜትር ግድም ይወጣል።

አሁን ባለሽ ፍጥነት፣ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ ይህ 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፔዳል መርገጥ ነው። ወዳጆችሽ እንደሚሉት ፍጥነትሽን ወደ 25 ብታሳድጊ በቀን የምታተርፊው 28 ደቂቃ ብቻ ነው። አየርን ለመግፋት የሚጠይቀው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በሦስተኛው ርቢ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከ24 ወደ 25 ለመድረስ ነፋስን ለመቅደድ የምታወጪው ኃይል 13 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያንን በየቀኑ፣ 103 ቀን ሙሉ፣ በደነዘዘ እጅና በታመመ ጉልበት መክፈል አለብሽ።

28ቱን ደቂቃ ያለ ምንም ላብ የሚሰጥሽ ሌላ ቦታ አለ። አንድ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ የምትዘጋጅ ታካሚዬን በመኪና ተከትዬ ምሳ ለመግዛት ስትቆም ሰዓት ያዝኩባት። ብስክሌቱን አስደገፈች፤ ጓንቷን አወለቀች፤ ጓንቱ የት ይቀመጥ ብላ ቦታ ፈለገችለት። የገንዘብ ቦርሳዋ ከዝናብ ልብሱ ሥር ነበርና ቦርሳውን ሁሉ አራገፈች። ገባች፤ መደርደሪያው ፊት ቆማ ምን ልብላ ብላ አሰበች። ወጣች፤ ተቀምጣ በላች፤ ስልኳን አየች፤ ውኃ ሳትሞላ መውጣቷ ትዝ ሲላት ተመለሰች። ሲጠናቀቅ 41 ደቂቃ ሆኗል፤ ከዚያ ውስጥ የበላችባቸው ዘጠኙን ብቻ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ይህንኑ እንደ ስፖርት ተለማመድነው፦ ገንዘቡ በላይኛው ኪስ፣ ጠርሙሱ በእጅ ተይዞ መግባት፣ የሚገዛው ምግብ ገና በመንገድ ላይ ሳለች ተወስኖ፣ የሚበላው ኮርቻ ላይ ሆኖ። 14 ደቂቃ ሆነ። ፍጥነቷ አልተነካም፤ ልቧም አንድ ትርታ አልጨመረም። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ረጅም ጉዞሽ ሁለት ሰዓት ያዢ፤ አንዱ የተነዳበትን፣ ሌላው የተቆመበትን። ማሻሻል ያለብሽ ሁለተኛውን ነው።

ብስክሌተኛው ማርክ ቦሞንት በ2017 ከፓሪስ ተነስቶ በ78 ቀን ከ14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ዓለምን ሲዞር በቀን ወደ 386 ኪሎ ሜትር ነበር የሚሸፍነው። ምግቡን የሚያቀርብለት፣ መንገዱን የሚመራው፣ ሰውነቱን የሚከታተልለት ቡድን አብሮት ነበር። ከኮርቻ ሲወርድ ማሰብ የሚጠበቅበት ነገር ጥቂት ነው። አንቺ ያ ሁሉ ቡድን ራስሽ ነሽ፤ ስለዚህ የእሱን ዕለታዊ ርቀት እያየሽ ልብሽን አታስጨንቂው፤ የጉዞው ዓይነት ሌላ ነው።

ወደ ጣቶችሽ ልመለስ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አብረው ሲደነዝዙ ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አልናር ከሚባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ወደ እጅ የሚገባው ከመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ መሪውን ስትይዢ ክብደትሽ የሚያርፈው ልክ እዚያው ላይ ነው። የእጅ አንጓሽ ወደ ኋላ ከታጠፈና መንገዱ የሚነቀንቅ ከሆነ ነርቩ በአጥንትና በመሪው መካከል ለሰዓታት ይጨፈለቃል። መጀመሪያ የሚጠፋው ስሜት ነው። ከሰነበተ ጡንቻው ይዳከማል።

ይህን አቅልለሽ እንዳታዪው አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የ12 ቀን ጉዞ የጨረሰ ሰው ወደ እኔ መጣ። ጎማው በ9ኛው ቀን ተነፈሰበት፤ መለዋወጫ ካላማዳሪ ይዟል፤ ፖምፓም አለው። የቫልቩን ትንሽዬ ክዳን ግን በጣቶቹ ማዞር አልቻለም። በጥርሱ ነክሶ ነው የፈታው። እግሮቹ ገና ብዙ መንዳት ይችሉ ነበር። እጁ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስለት አምስት ወር ፈጀ። ያንቺ ጉዞ ከዚያ ዘጠኝ እጥፍ ይረዝማል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን አድርጊ። አንድ ወረቀት በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ጎን መካከል፣ አውራ ጣትሽ ቀጥ እንዳለ፣ ያዢ። ሌላ ሰው ወረቀቱን ይሳብ። ላለመልቀቅ ስትታገዪ የአውራ ጣትሽ ጫፍ ያለፈቃድሽ ከታጠፈ፣ በተለይ በአንዱ እጅ ብቻ ከሆነ፣ ነርቩ የሚያዘው ጡንቻ ደክሟል ማለት ነውና ከማንኛውም ስልጠና በፊት የነርቭ ሐኪም ይይሽ። ካልታጠፈና ድንዛዜው ከወረድሽ በኋላ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚለቅ ከሆነ ጉዳዩ የብስክሌቱ ልክ ነው፤ ይስተካከላል።

የማስተካከሉ ሥራ የሚጀምረው ከመሪው ሳይሆን ከኮርቻው ነው። የኮርቻው አፍንጫ ትንሽ እንኳ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነትሽ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱን የሚያቆመው እጅሽ ነው። ብስክሌቱን ደልዳላ ወለል ላይ አቁመሽ የውኃ ልክ ኮርቻው ላይ አድርጊ። ቀጥሎ መሪውን ከፍ፣ አጠር አድርጊው፤ ለ103 ቀን እንደ እሽቅድምድም ብስክሌተኛ መጎንበስ አያስፈልግሽም። ክንድ የሚያርፍባቸው የኤሮ ባሮች ግጠሚ። ሰዎች ለነፋስ ብለው ነው የሚገጥሟቸው፤ እኔ የማዝዛቸው ክብደቱን ከመዳፍ አንስተው ክንድ ላይ ስለሚያሳርፉ ነው። ጎማሽንም ሰፋ አድርጊ፤ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ አየሩ ለስለስ ሲል ንዝረቱን ከእጅሽ በፊት ጎማው ይቀበለዋል። ከዚያ የቀረው ልማድ ነው፦ እጅሽ በአንድ ቦታ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይ።

ጉልበትሽ ከፊት በኩል፣ ያውም ደረጃ ስትወርጂ የሚያምሽ ከሆነ ሕመሙ ከጉልበት ሎሚው ጀርባ ሳይሆን አይቀርም። የተለመዱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ኮርቻው ዝቅ ማለቱና ማርሹ መክበዱ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከታጠፈ ኮርቻውን በሦስት በሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ እያደረግሽ በእያንዳንዱ ልክ ሁለት ሦስት ቀን ንጂ። አንድ ጊዜ ብዙ ከፍ አድርገሽ ሕመሙን ከፊት ወደ ኋላ እንዳታዛውሪው። ማርሹን በተመለከተ ፔዳሉ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ እንዲዞር የሚያደርግ ቀለል ያለ ማርሽ ምረጪ፤ ዳገት ላይም ሻንጣ ጭነሽ ይህን የሚፈቅድ ትንሽ ማርሽ ከሌለሽ የኋላውን ጥርስ አስቀይሪ። በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን እግርሽን፣ ወገብሽንና አንገትሽን የሚያጠነክር የክብደት ልምምድ ሥሪ። አንገትን የጠቀስኩት በምክንያት ነው፦ በብዙ ቀን ጉዞ የአንገት ጡንቻ ፈጽሞ ደክሞ ጭንቅላት ቀና ማለት የሚያቅትበት ጊዜ አለ። ማይክል ሸርመር የሚባል ብስክሌተኛ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጥ ውድድር ላይ ስለደረሰበት ሕመሙ በስሙ ይጠራል። መንገድ ላይ ሲደርስ መድኃኒቱ እረፍት ብቻ ነው፤ ሪከርድ ደግሞ ያንን እረፍት አይሰጥም።

ሴት ታካሚዎቼ ዘግይተው የሚነግሩኝን ነገር ሳትጠይቂኝ ላንሳ። ኮርቻ የሚያቆስለው መቀመጫ አጥንትን ብቻ አይደለም፤ ሀፍረተ አካልንም ያሳብጣል፣ ያቆስላል። አፍረው ዝም ይላሉ፤ ቁስሉ መግል ሲይዝ ይመጣሉ። መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ለመቀመጫ አጥንትሽ ስፋት የሚመጥን ኮርቻ እስክታገኚ ሦስት አራት ኮርቻ መሞከር ነውር የለውም። ቁምጣው ሥር ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስ። በየማታው ቦታው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ የረጠበ ቁምጣ ለብሰሽ አትተኚ። ሌላው የወር አበባሽ ነው። በስልጠናው ወራት ከቀረብሽ «ድካም ነው» ብለሽ አትለፊው። ሰውነትሽ የሚገባለት ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት አንሶታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ አጥንትን ያሳሳል፣ ስንጥቅ ያመጣል። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ከሁሉ በፊት ግን ምግብሽን ጨምሪ።

አሁን ወደ ስልጠናው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ከላይ ላልኳቸው ማስተካከያዎች ስጪ፤ በሳምንት ከ10 ሰዓት አትለፊ። ከዚያ እስከ ስድስተኛው ወር ቀስ በቀስ ወደ 15 ሰዓት ውጪ። አብዛኛው እያወራሽ መንዳት በምትችዪበት ፍጥነት ይሁን። ቢሮ በብስክሌት መመላለስ ከቻልሽ እሱም ይቆጠራል።

አንድ ቀን 300 ኪሎ ሜትር ነድተሽ ሁለት ቀን መተኛት ለዚህ ጉዞ አያዘጋጅሽም። ሪከርዱ የሚፈልገው ነገ ጠዋት ደግሞ መነሳት የሚችል ሰውነት ነው። ስለዚህ ርቀቱን ከማስረዘም ይልቅ ቀኖቹን ማያያዝ ተለማመጂ። በሰባተኛው ወር አራት ተከታታይ ቀን 200፣ 200 ኪሎ ሜትር ንጂ። በአሥረኛው ወር ከሥራ ፈቃድ ውሰጂና ሙሉ ጭነትሽን ይዘሽ አሥር ቀን በአማካይ 250 ንጂ። የምትመዝኚውም በመጀመሪያው ቀን ፍጥነት አይደለም፤ የአራተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ ያለው የልብ ትርታ፣ ጣቶችሽ፣ ጉልበትሽና የምግብ ፍላጎትሽ ናቸው ምስክሮቹ። በ14ኛው ወር ላይ ለ14 ቀን በ270 ድገሚው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ቀንሺ፤ ያኔ የምትጨምሪው ሥልጠና ድካም እንጂ ብቃት አይሆንልሽም።

የአሥሩ ቀን ፈተና ካልሆነስ? ያኔ እኔ ብሆን የመነሻውን ቀን አራዝማለሁ፣ ወይም ሪከርዱን ትቼ ዙሩን ብቻ ግብ አደርጋለሁ። ጁሊያና ቡሪንግ የስፖርተኛ ታሪክ ሳይኖራት በ2012 ከኔፕልስ ተነስታ በ152 ቀን ነው የዞረችው፤ የጊዜዋ የሴቶች ሪከርድም የእሷ ሆነ። አማተር መሆንሽ አያግድሽም። ያልተፈወሰ ነርቭ ግን ያግድሻል።

ምግብም ስልጠና ይፈልጋል። በቀን 282 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በግምት 6,000 ካሎሪና ከዚያ በላይ ያቃጥላል፤ ቦሞንት በቀን 9,000 ያህል ለመብላት ይሞክር ነበር። ችግሩ ሆድ ነው፦ አንጀት በሰዓት 60 ግራም ያህል ግሉኮስ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ፍሩክቶስ ሲቀላቀልበት እስከ 90 ይደርሳል። ያልለመደ ሆድ ደግሞ ይህንንም ያስታውካል። ስለዚህ በረጅም የስልጠና ቀኖችሽ በሰዓት ከ40 ግራም ጀምረሽ በወራት ውስጥ ወደ 80 አድርሺው፤ በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ፣ ሳይርብሽ። ሙዝ፣ ዳቦ በማር፣ ሩዝ፣ ብስኩት፤ በማንኛውም አገር መንገድ ዳር የሚገኘውን ተለማመጂ እንጂ በአንድ ልዩ ዱቄት ላይ አትደገፊ። ውኃ ሲጠማሽ ጠጪ፤ በሙቀት ቀን ጨው ጨምሪበት። ጨው የሌለው ውኃ ከመጠን በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ዝቅ አድርጎ ራስን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል።

ስለ እንቅልፍ አልደራደርሽም። 17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ምላሹ የሚዘገየው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል ነው። 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነድተሽ ስድስት ሰዓት ተኩል ብትተኚ ገና አምስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይተርፍሻል፤ መቆሚያሽን ካሳጠርሽ ከእንቅልፍሽ የምትቆርጪበት ምክንያት የለም። ማይክ ሆል በ2012 ዓለምን በ92 ቀን ገደማ የዞረ፣ በዚህ ሙያ የምናከብረው ሰው ነበር። በመጋቢት 2017 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያን በሚያቋርጥ ውድድር ላይ፣ ካንቤራ አቅራቢያ፣ ገና ሳይነጋ መኪና ገጭቶት ሞተ። ይህን የምጽፍልሽ እንድትፈሪ አይደለም። የጨለማውን ሰዓት እንድትቀንሺ፣ የግድ ከሆነም ከጎማው በሚሽከረከር ዲናሞ የማይጠፋ መብራት፣ ከፊትም ከኋላም ከጎንም የሚያንጸባርቅ ልብስ እንዲኖርሽ ነው።

መንገዱን ባጭሩ፦ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሂጂ፤ በምድር ወገብና በዋልታ መሐል ባለው ቀበቶ የሚበዛው ነፋስ ከምዕራብ ነው። በሰሜኑ በጋ ተነሺ፤ ቀኑ ይረዝምልሻል። አውስትራሊያ ያኔ ክረምት ነውና ሌሊቱ ይረዝማል፣ ይቀዘቅዛልም፤ ግን ከሙቀቱ ይሻላል። እዚያ በባላዶኒያና በካይጉና መካከል 146.6 ኪሎ ሜትር አንድም መታጠፊያ የለም፤ ውኃ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ከቤትሽ ሳለሽ በወረቀት ጻፊ። ካቴናውን ከማለቁ በፊት እየለካሽ ቀይሪ፤ አንድ ካቴና በየአገሩ ከመቀየር ያለቁ ጥርሶችን ሁሉ መቀየር ብዙ ሰዓት ይበላል።

ለዛሬ ማታ የወረቀቱን ፈተና በሁለቱም እጆችሽ አድርጊ። ኮርቻው በውኃ ልክ ሲታይ ወደ የት እንደሚያዘነብልና ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ከጎን ፎቶ አንስተሽ ለኪ። በሚቀጥለው ረጅም ጉዞሽ የቆምሽበትን ጠቅላላ ደቂቃ መዝግቢ። እነዚህን አራት ውጤቶች ጻፊልኝና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ቀን በቀን አብረን እንከፋፍላቸዋለን።